ሃያ ሁለተኛው እጅ

ፕሮግራመርን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መዘዙን ራሱ ይቻለው። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ተጠየቀ፤ ስድስት መቶ አሥራ አንዱም መለሰ። አንዱ ስክሪኑ እንደ ከሰል ይጥቆርልኝ አለ፤ ሌላው ጥቁር ስክሪን ዓይኔን አፈዘዘው፣ ነጭ ይሁንልኝ አለ። ፊደሉ ይተለቅ ያለ አለ፣ ይነስ ያለ አለ፤ ዜሮና «ኦ» እንዳይምታቱብኝ ዜሮዋ ሆዷ ላይ ነጥብ ይደረግላት ያለም አለ። ይሄኛው እንኳ እውነቱን ነው። መጻፍ ስጀምር ቀሪውን ራሱ ይጨርስልኝ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ከአፌ እየነጠቀ አስቸገረኝ፣ ዝም ይበልልኝ ያሉትም ከእነሱ አያንሱም። አንድ ሰው ደግሞ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትተኛ ድመት ጠየቀ። ድመቷን አርባ ሦስት ሰው ደገፋት።

ይህን ሁሉ አንብባ መልክ እንድታስይዘው የተፈረደባት አንዲት ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «ሠዓሊዋ» ይሏታል። ዶሮ እንኳ ሥላ አታውቅም፤ እንደ እነሱው ፕሮግራመር ናት። ኤዲተሩን፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚጽፉበትን ፕሮግራም፣ ለዓይን የሚታየውን ክፍሉን የምትሠራው እሷ ስለሆነች ነው ስሙ የተለጠፈባት። ከሥር የሚያስኬደውን ክፍል የሚሠራው ሰው ደግሞ «ሞተር» ይባላል፤ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፣ አንዴ ከተነሣ ግን የሚያቆመው የለም። ከሁለት ሌሎች ጋር ሆነው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ የጎረቤት ሕንፃ የውሃ ቱቦዎችን ብቻ በምታሳይ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ኤዲተራቸው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ሠዓሊዋ ሁሉንም በስም ልትጠራቸው ምንም አይቀራትም ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት አለቃቸው ገባ። ከሠዓሊዋ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ «አንተ» ትለዋለች፣ ሲያናድዳትም አትደብቀውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሲግናል ክፍል ኤዲተራችንን ሊሞክር ነው» አለ። «ሰኞ አንድ ቀን፣ ሐሙስ አንድ ቀን። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ይወስናሉ።»

«ካልወደዱትስ?» አለ ሞተር።

«ካልወደዱትማ በቃ። የድርጅቱ ባለቤቶች ትዕግሥታቸው አልቋል። ይቺ ክፍል ትዘጋለች። አንተ ሁለተኛ ፎቅ ትወርዳለህ፣ እሷ የክሊኒክ መመዝገቢያ ቅጽ ትሠራለች፤ ኤዲተሩ ግን ይቀራል።»

ሠዓሊዋ ቅጽ መሥራት አትንቅም። ስድስት ዓመት ያሳደገችው ነገር ሐሙስ ማታ እንዳልነበረ ሊሆን ነው የሚለው ግን አልዋጥላት አለ። ይባስ ብሎ የሲግናል ክፍሉ ሕግ አለው። እዚያ ያሉት ሃያ ሁለቱ ፕሮግራመሮች ባቡሩን ሂድ ወይም ቁም የሚለውን ፕሮግራም የሚጽፉ ናቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያየው አያልፍም፤ ስለዚህም ሁሉም በአንድ ዓይነት ኤዲተር ይሠራሉ። ኤዲተር የሚቀየረው ሃያ ሁለቱም እጃቸውን ሲያወጡ ብቻ ነው። ሃያ አንድ እጅ ማለት እምቢታ ማለት ነው። ከሃያ ሁለቱ አንዱ ደግሞ «ጋሽ ፍሬን» የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው በዚሁ ነው። በሥራ ዘመናቸው አራት ኤዲተር በአንድ እጃቸው መልሰዋል፤ ባለማውጣት።

ማታ ቤት ገብታ ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። አብረው ነው የሚኖሩት፤ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ማውራት ትችላለች።

«እኔ እኮ አይገባኝም» አለች እህቷ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብተር ትሠራላችሁ። እኔ በሳምንት ሦስት ሙሽራ አለብሳለሁ።»

«ሙሽሮችሽ ቀሚሱ መሀል ላይ ድመት ይተኛልን አይሉሽም።»

«ብለውኝ ያውቃሉ» አለች እህቷ፣ ፈገግ ሳትል። «ካልሆነስ፣ ምን ትሆኛለሽ?»

ሠዓሊዋ ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

ሰኞ ኤዲተሩ ጌጡን ሁሉ ለብሶ ቀረበ። አለቃው፣ ሌሎች ኤዲተሮች ያላቸው ሁሉ ይኑረው ብሎ ነበር፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ። በግራ የፋይሎች ዝርዝር፣ በቀኝ የኮዱ ትንሽ ምስል፣ ከላይ ቁልፎች፣ ከታች ቁጥሮች፤ ድመቷም አልቀረችም። የሲግናል ክፍሉ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ የሙከራ ኮምፒውተሮቹ ከባቡሩ መሥመር ጋር እንዳይገናኙ የኔትወርክ ገመዳቸው ተነቅሎ ቀይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እስከ ምሳ ሰዓት ቅሬታው ጎረፈ። ቀለሙ ይረብሻል። ፊደሉ ይሳሳል። ይዘገያል። ድመቷ ምንድን ናት።

«ይዘገያል» የሚለው ሞተርን እንደ እሾህ ወጋው። «ከዚህ የፈጠነ ኤዲተር የለም» አለ በሹክሹክታ። «ለክቼዋለሁ። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ቀለሙ ነው ያስጠላቸው።»

«ተው እንግዲህ» አለችው።

ሠዓሊዋ የራሷ አሠራር አላት። ሰውን አትጠይቅም። ትንሽ በርጩማ ይዛ ከፕሮግራመሩ ኋላ ትቀመጥና እጁን ታያለች፤ እጁ የሠራውን ሁሉ ደብተሯ ላይ በጭረት ትቆጥራለች። ሰው አፉና እጁ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ አይታ ስለማታውቅ ነው። ባልደረቦቿ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። የዚያን ቀን ከሰዓት ከአምስት ሰው ኋላ፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሩብ ሰዓት ተቀመጠች። ጭረቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተከመሩ። በትንሿ ጣት ኮንትሮልን፣ በቀለበት ጣት ኤስን፤ ሴቭ፣ ማለትም የጻፍኩትን አስቀምጥልኝ። አሁንም ሴቭ። ዓይን ወደ ስክሪኑ ጥግ ይሄዳል፣ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሴቭ። አምስቱ ሰዎች ባንድ ላይ ሦስት መቶ ስምንት ጊዜ ሴቭ ብለዋል። አንዱም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም።

ሠዓሊዋ ብዕሯ እጇ ላይ ቀረ። ምክንያቱም እነሱ የማያውቁትን እሷ ታውቃለች፤ ያ ሴቭ ምንም አይሠራም። ከሦስት ዓመት በፊት ኤዲተሩ በየሰከንዱ ራሱ እንዲያስቀምጥ ሲደረግ፣ «ታዲያ ሰውን ለምን እናደክመዋለን?» ብላ የተነሣችው ራሷ ናት። ሴቭ ሲባል ትበራ የነበረችውን ትንሽ ምልክት በገዛ እጇ ከስክሪኑ አወጣቻት። ክፍሉ አጨበጨበላት። ይህን የሚያህል ብልጠት ሌላ ኤዲተር ላይ የለም እያለች ስትኮራበት ኖራለች። የኮራችበት ነገር ከፊቷ ቁጭ ብሎ ሃያ ሁለት ሰው ሲያስጨንቅ አየችው፤ ፊቷ ጋለ።

መጨረሻ ላይ ከጋሽ ፍሬን ኋላ ተቀመጠች። እሳቸው ሌላ ነገር ጨመሩ። በየአሥር ደቂቃው ግራ ቀኝ ይቃኙና የጻፉትን ገልብጠው አሮጌው ኤዲተር ውስጥ ይለጥፉታል፤ መስኮቱንም ቶሎ ይደብቁታል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚገለብጡት?»

ዞር ሳይሉ «አየሽኝ እንዴ» አሉ።

«ራሱ ያስቀምጣል እኮ። ጠዋት ነግረናችሁ ነበር።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ጆሮዬ ሰምቷል፣ እጄ ግን አልሰማም።» ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። «አንድ ጊዜ የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፍቶብኛል። ያም ኤዲተር ራሴ አስቀምጣለሁ ባይ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይሄው ሴቭ እለዋለሁ፣ ዝም ይለኛል። ደግሜ እለዋለሁ፣ ዝም። ሰው ቢሆን ኩርፊያ ነው እልሻለሁ።»

«ለምን ጠዋት አልነገሩንም? ሌሎቹም አልተናገሩም።»

«ምን ብዬ? ኮምፒውተር አኮረፈኝ ልበል? ቀለሙ አልተመቸኝም ብል ይሻላል።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይሄ ነው። ሠዓሊዋ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት። ሰዎቹ ሴቭ ብለው መልስ ሲያጡ፣ ዓይናቸው ስክሪኑን ሁሉ ያስሳል፤ ሲያስስ ድመቷ ላይ ይወድቃል፣ ቁጥሮቹ ላይ ይወድቃል፣ ያገኘው ሁሉ ይረብሸዋል። መልስ የማይሰጥ ነገር ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን የዘገየ ይመስላል። ቀለሟ ምንም አልሆነም፤ የሞተር ፍጥነትም ምንም አልሆነም።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃው እስከ ሐሙስ የሚጨመሩ አሥራ አንድ ነገሮች ጽፎ መጣ። ሠዓሊዋ ወረቀቱን አነበበችና ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድም አንጨምርም» አለች። «ሰኞ ስክሪኑ ላይ ያደረግነውን በሙሉ እንደብቃለን። የፈለገ ሰው ይጥራው። ሲከፈት ኮዱ ብቻ ይታይ። እንሥራ ከተባለ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንሠራው፤ ሴቭ ሲባል መልስ ይስጥ።»

«ሁለት ቀን ቀርቶን ለአንድ ምልክት?»

«ያወጣኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስኮራበት የነበረው ነገር ስህተት ነበር።»

አለቃው አያት። ስህተቷን በራሷ አፍ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ። «ካልተሳካ ያንቺ ውሳኔ ነበር ብዬ ነው የማቀርበው» አለ።

«አቅርብ።»

ሞተር ግን ገና አልተነሣም ነበር። እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «እኔ ውሸት አልጽፍም» አለ። «ፋይሉ በየሰከንዱ ይቀመጣል። ሰውየው ሴቭ ሲል የሚሠራ ነገር የለም። ምንም ሳይሠራ ተሠራ የሚል መብራት ላብራ? ልጅ ማታለያ ነው።»

«ውሸት አትጻፍ» አለችው ሠዓሊዋ፣ በርጩማዋን ወደ እሱ አስጠግታ። «እውነት እንዲሆን አድርገው። ሴቭ ሲል ያቺ ሰዓት ምልክት ይደረግባት፤ ነገ ቢጸጸት ተመልሶ እዚያች ቦታ ላይ ይቁም። መብራቷም ዝም ብላ አትብራ። ጽሑፉ የሚቀመጥበት ዲስክ ራሱ ደርሶኛል ብሎ ሲያረጋግጥ ብቻ ትብራ። ካልደረሰው አትብራ።»

«ይሄ ከበድ ይላል» አለ ሞተር።

«ለዚህ ነው አንተን የምለምንህ።»

«ዲስኩ ሲዋሽ የሚውልበት ጊዜም አለ። ደረሰኝ ይልሻል፣ ጽሑፉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።»

«አትመነዋ። አንብበህ አረጋግጥ።»

እጁ ተፈታ፤ ኪቦርዱን ሳበ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አላስቆመውም። እሷ ደግሞ የምልክቷን መልክ ስታበጅ ዋለች። ቀይ አደረገቻት፣ አስደነገጠች። ጽሑፍ አደረገችላት፣ ዓይን ጎተተች። በመጨረሻ በመሥመሩ ቁጥር ጎን ቀጭን አረንጓዴ ሰረዝ ሆነች፤ ሰውየው እየጻፈበት ካለው መሥመር አጠገብ፣ ዓይኑ ካለበት ሳይርቅ። ለአንድ ሰከንድ ትታይና ትጠፋለች። ረቡዕ ከሰዓት ሠዓሊዋ ራሷ አንድ መሥመር ጻፈችና ሴቭ አለች፤ ሰረዟ ብልጭ አለች። ሳታስበው ትከሻዋ ወረደ። ለካ እሷም ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻዋን ሰቅላ ነው ስትጽፍ የኖረችው።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሰረዟ ማንም ምንም እንዳይናገር ባልደረቦቿን አስማለች። ሰዎቹ ተቀመጡ፣ ስክሪናቸውን ከፈቱ። «ባዶ ነው እኮ» አለች አንዲት ወጣት ፕሮግራመር፤ ቅሬታ ይሁን ምስጋና አልታወቀም። መጻፍ ጀመሩ። ሠዓሊዋ በርጩማዋን ይዛ ከጋሽ ፍሬን ኋላ ሄደች።

ጋሽ ፍሬን አንድ መሥመር ጻፉ። ሴቭ አሉ። ጣታቸው ለሁለተኛው ተነሥታ አየር ላይ ቀረች። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሌላ መሥመር ጻፉ፤ ሴቭ፤ ሰረዟ ብልጭ አለች። አሁን ጣታቸው አልተነሣችም። ጥቂት ሲያስቡ ቆዩና አንድ ቃል ጀምረው ግማሹ ላይ ተዉት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ከጠረጴዛው ሥር ገቡ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለች ወጣቷ።

የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው መዘዙት። ስክሪኑ ጨለመ። ሞተር አጠገቡ ያለው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። አለቃው ሠዓሊዋን አያት፣ እሷ ግን ዓይኗን ከጨለመው ስክሪን አላነሣችም። ሽማግሌው ገመዱን መልሰው ሰኩ፣ እያቃሰቱ ወጡ፣ ተቀመጡ፣ አስነሡት። ኮምፒውተር ለመነሣት የሚፈጅበትን ጊዜ ሠዓሊዋ ታውቀዋለች፤ የዚያን ቀን ግን አንድ ዓመት ፈጀ።

ተከፈተ። ሁሉም መሥመሮች አሉ። የመጨረሻው ግማሽ ቃል አለ፤ ጠቋሚዋ እንኳ ጋሽ ፍሬን ትተዋት የሄዱበት ቦታ ላይ፣ ከግማሹ ቃል ጎን ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ጋሽ ፍሬን ቃሉን ጨረሱት። «ሰኞ ለምን አልነቀሉትም?» አለቻቸው ሠዓሊዋ።

«መልስ የሚሰጥን ሰው ነው የሚጠይቁት» አሉ። «ሰኞ ማንን ልጠይቅ?»

ቀጥላ ወጣቷ ከጠረጴዛዋ ሥር ገባች። ከዚያ ጎረቤቷ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሃያ አንድ ትልልቅ ሰው በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ገመድ ሲነቅል፣ ሲሰካ፣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛ ሲያጋጭ፣ የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ደረሰች። «ባቡር አስቆማችሁብኝ?» ብላ ጮኸች፤ ቀዩን ወረቀት አሳይተው አረጋጓት። የአንዱም ሰው አንዲት ፊደል አልጠፋችም። ሞተር፣ ያ ሲናገር ቀስ የሚል ሰው፣ ዲስክ እንዴት እንደሚዋሽና እሱ እንዴት እንዳፋጠጠው ለአራት ሰው ባንድ ጊዜ ያስረዳ ነበር። ሠዓሊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ሆነ። ስለ ቀለም የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ቀለሙን ለቤቱ ኮምፒውተር ፈልጎት ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊዋ መሀል ላይ ቆመች። «በሉ፣ ውሳኔ» አለች። ማንም ቀና አላለም። ጠረጴዛ መታች። «ውሳኔ እኮ ነው። የምትፈልጉት እጅ አውጡ።»

እጆች መውጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ አንዱን እጃቸውን ያወጡት በሌላው እየጻፉ ነው። ኃላፊዋ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች፤ አሥራ አራት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። ጣቷ ቆመች። ሁሉም ሰው ጣቷ የምታመለክተውን አየ።

የጋሽ ፍሬን ሁለቱም እጆች ኪቦርዱ ላይ ነበሩ።

አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። ሠዓሊዋ ከኋላቸው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሃያ አንድ እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያወቀች፣ ጣቶቻቸውን አየች። አራተኛ ፎቅ ያለችው ክፍል፣ ስድስቱ ዓመት፣ ሁሉም እነዚያ ሁለት ያረጁ እጆች ሥር ነበር።

«ጋሽ ፍሬን» አለች ኃላፊዋ። «እርስዎስ?»

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው፣ ዞር ሳይሉ። «ይቺን መሥመር ልጨርስ።»

ጻፉ። ሃያ አንዱ እጅ አየር ላይ እንዳለ ጠበቃቸው። መሥመሩን ጨረሱ፣ አንድ ጊዜ ሴቭ አሉ፣ ደግመው አልነኩትም። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን፣ ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ፣ ቀጥ አድርገው አወጡ።